የመጨረሻው አንድ ሜትር

ዲክሲስ ከተማ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ዲሽ የኢትዮሳትን ቻናሎች የሚቀበለው፣ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከቆመ ሳተላይት ነው። ምስሉ ያን ሁሉ መንገድ ዲጂታል ሆኖ ይመጣል። ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ የኤቪ ገመድ ከተገናኙ ግን ሊደርስ አንድ ሜትር ሲቀረው አናሎግ ይሆናል። ቢጫው ገመድ በፓል ሥርዓት ከ576 መስመር በላይ አያሳልፍም፤ የሙሉ ኤችዲ ምስል 1080 መስመር አለው፤ በነጥብ ሲቆጠር አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው ኤችዲኤምአይ የተባለው ዲጂታል ገመድ ነው። ተፎካካሪዎቹን ያሸነፈው ግን በምስል ጥራት ሳይሆን ሳሎን ቀድሞ በመግባቱ ይመስለኛል።

ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዲቪአይ የተባለ ማገናኛ ለኮምፒውተር ታስቦ የተሠራ፣ ምስል እንጂ ድምፅ የማያሳልፍ ነበር። በ2002 መጨረሻ ሶኒ፣ ፊሊፕስ፣ ቶሺባ፣ ሂታቺና ሌሎች ሦስት ኩባንያዎች ኤችዲኤምአይን ሲያወጡ የዲቪአይን የምስል አሠራር እንዳለ ወስደው ድምፁን በዚያው ገመድ ላይ ጨመሩበት። ኢንቴል የሠራውን ኤችዲሲፒ የተባለ የቅጂ መከላከያም አስገቡበት፤ ላኪው መሣሪያ ከቴሌቪዥኑ ትክክለኛ መልስ ካላገኘ ጥበቃ ያለበትን ፊልም አይለቅም። የፊልም ኩባንያዎችን ያግባባው ይህ ነው። ተፎካካሪው ዲስፕሌይ ፖርት የመጣው በ2006 ነው፤ የኤችዲኤምአይ ዓይነት የፈቃድ ክፍያ አልነበረበትም፣ ብዙዎቹ ገመዶቹም ሲነኩ እንዳይወልቁ መቆለፊያ አላቸው። የቴሌቪዥኑ ጀርባ ግን ያኔ በኤችዲኤምአይ ተይዞ ነበር።

ነጻው እያለ የሚያስከፍለው ማሸነፉ የአምራቾች ሽርክና ውጤት ነው የሚል ይኖራል። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ደንቡን የጻፉት ቴሌቪዥኑን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሆኖም ክፍያው ቅናሹ ሁሉ ሲታሰብ በአንድ ዕቃ እስከ 4 የአሜሪካ ሳንቲም ይወርዳል፤ ለዚህ ብሎ ሚሊዮኖች የገዙትን ሶኬት የሚለውጥ አምራች አይገኝም። ዲስፕሌይ ፖርትም ቢሆን አልሞተም፤ ከአንድ ሶኬት ብዙ ስክሪን ማንቀሳቀስ ስለሚችል ኮምፒውተር ላይ ቦታውን ይዟል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከኤቪ በኩል የሚመጣ ነው፦ ቀድሞ የገባ የሚያሸንፍ ከሆነ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ አይደለምን? ነው፤ ስለዚህም ነው ብዙ ሪሲቨሮች ሁለቱንም ሶኬት ይዘው የሚመጡት። ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ኤቪ ብቻ ስለሚቀበል ባለቤቱን በኋላ ቀርነት መውቀስ አይገባም። ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚለውጠው ትንሽ ሣጥንም ማገናኘት እንጂ የጠፋውን መስመር መመለስ አይችልም። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝቶ ቢጫውን ገመድ ላልነቀለ ሰው ግን ምክንያት አላገኘሁለትም። በወርቅ የተለበጠውን ውድ ገመድ መምረጥም አያስፈልገውም፤ ለአንድና ሁለት ሜትር ርቀት ርካሹም ዲጂታሉን ምስል ሳያጎድል ያደርሳል። ቻናሉ ራሱ በዝቅተኛው ጥራት (በኤስዲ) የሚተላለፍ ከሆነ ግን የትኛውም ገመድ ኤችዲ አያደርገውም።