ጠዋት የሚሞት፣ ከሰዓት የሚነሣ ኮምፒውተር

«ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ!»
«ኧረ ደህና ነው፤ ትናንት ሙሉ ከሰዓት ሠርቼበታለሁ!»

ቤታችን ውስጥ ለሦስት ሳምንት የዘለቀው ክርክር ይህ ነበር። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችንን ባለቤቴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፍታል፤ እኔ ከምሳ በኋላ እተካዋለሁ። እርሱ ሲያበራው ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። እኔ ስደርስ ምንም እንዳልነካው ይሠራል። እርሱ ችግሩን እንዳቃለልኩበት ቆጥሮ አዘነ፤ እኔም አዲስ ለመግዛት ሰበብ የፈለገ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ባይባሉ የሚሻሉ ቃላትም ተወራውረናል።

ጥገና ቤት የወሰድነው ከሰዓት በኋላ ነበርና እዚያም ተነሣ። «ምንም የለበትም» ተብለን ከፍለን ተመለስን። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ጨለመ።

ሁለተኛው ባለሙያ ግን መፍቻ ከማንሣቱ በፊት «እኅቴ፣ እንቢ የሚለው ቤቱ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ?» ብሎ ጠየቀ። ለካ ሁለታችንም እውነት ተናግረን ኖሯል!

ውድ አንባቢያን፣ ማዘርቦርድ ከተለያዩ ነገሮች የተሠራ ነው። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ሲሊከን ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ሲለጠጥ፣ የመስታወት ጭረት ያለበት ቦርዱ 15 ያህል ይለጠጣል። ልዩነቱን የሚሸከመው በመካከል ያለው ሊድ ነው። ኮምፒውተሩ በበራና በጠፋ ቁጥር እየተሳበ ቆይቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፤ ስንጥቁም በሙቀቱ መጠን ይገጥማል ወይም ይለያያል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤክስቦክስ 360 ጥገና ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲመድብ ያስገደደው የዚህ ዓይነት ስንጥቅ ነው።

ሌላው ተጠርጣሪ ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ በርሜል ነው። በውስጡ ፈሳሽ አለው። ሲያረጅ ፈሳሹ ይደርቃል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ የውስጥ መቋቋሙ ይጨምርና ኤሌክትሪኩን ማረጋጋት ያቅተዋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ጫፉ ካበጠ በዓይን ይለያል፤ የእኛዎቹ ግን አላበጡም ነበር።

(የእናንተ ኮምፒውተር በተቃራኒው ከሞቀ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አስቀድማችሁ አቧራውን ጥረጉ፤ ማራገቢያው መዞሩን እዩ። ብዙው እዚያው ያልቃል።)

ባለሙያው ጠዋት ማልዶ መጣ። በፊተኛው ቀን ከሰዓት የደንበኞችን ሥራ ሁሉ ወደ ፍላሽ እንድገለብጥ አዝዞኝ ነበር። ክዳኑን ከፍቶ፣ ካርቶን በስቶ በቀዳዳው በኩል በፀጉር ማድረቂያዬ ለብ ያለ አየር እየነፋ ቦታ በቦታ ሞከረ። ራሙ ሞቀ፤ ለውጥ የለም። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉትን ካፓሲተሮች አንድ ደቂቃ ያህል ሲያሞቅ ስክሪኑ በራ! ቀጥሎ በማቀዝቀዣ ስፕሬይ አንድ በአንድ ነካቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ቀጥ አለ። እኔ «አገኘኸው!» ብል እርሱ ሦስት ጊዜ ደገመው። ብርዱ የሚያመጣው ጤዛም ያሳስታልና፣ ቦርዱንም በጣት መጫን ስንጥቅን ለጊዜው ይገጥማልና፣ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር አያምንም።

በቤታችሁ ብትሞክሩ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል ይይዛል። አቧራ መንፊያ ቆርቆሮን ገልብጦ ማቀዝቀዣ ማድረግም አደገኛ ነው፤ ጋዙ ብዙ ጊዜ ተቀጣጣይ ነው። ቦርድን በምግብ ምድጃ መጋገር የሚሉትንም ተዉት፤ ቢሠራም ሰንብቶ ይመለሳል፣ ጭሱም ለልጆቻችሁ ዳቦ አይበጅም።

በረድፉ ያሉት ካፓሲተሮች ሁሉ 105 ዲግሪ በሚችሉ ተተኩ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ነው።

«ተነሥቷል» አለኝ። ትንሽ ዝም አለና «ከሰዓትም ይሠራ ነበር ለካ» አለ።