ደጋ የወጣ ደም

በባሌ ከጊኒር ተነስቶ በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ከወይና ደጋ ወደ ውርጭ ይሻገራል። ጊኒር ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አትሞላም፤ ሮቤ 2500፣ ጎባ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የሳነቲ አምባ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ሁሉ ዳገት የመንገደኛው የደም ዓይነት ንቅንቅ አይልም። ካርል ላንድስታይነር በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የለያቸው የደም ዓይነቶች ከወላጅ የሚወረሱ ናቸውና፣ ጊኒር ላይ ኦ የሆነ ሰው ሳነቲም ላይ ኦ ነው። ከፍታን የሚከተለው የቀይ የደም ሕዋስ ብዛትና በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ይሁን እንጂ ምን ያህል እንደሚከተል የሚወስነው ተራራው ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በተራራው ላይ የኖረበት ዘመንም ጭምር ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 4000 ሜትር ላይ የሚሳብ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያዘው 60 በመቶ ያህሉን ነው። ኩላሊት ጉድለቱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኒም ቀይ ሕዋስ ማምረቱን ያፋጥናል። ኦክስጅን ተሸካሚ መጨመሩ ብልህነት ይመስላል፤ ስፖርተኞችም ደጋ ወጥተው የሚለማመዱት አንድም ለዚህ ነው። ግን ደም ሲበዛ ይወፍራል፣ የወፈረውን ለመግፋትም ልብ ይደክማል። በአንዲስ ተራሮች የሚታወቀውና በፔሩው ሐኪም በካርሎስ ሞንጌ ስም የሚጠራው በሽታ የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢን መጨመሩ አፋጣኝ መፍትሔ እንጂ የመላመድ ጫፍ አይደለም።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው ከሀገራችን ነው። አሜሪካዊቷ የሰው ልጅ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድህን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። አማካይ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆነ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ። ሁለቱም ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ልክ አይወጡም። «ምናልባት ብረት አጥሯቸው ይሆናል» የሚል ይኖራል፤ ግን በጥናቱ የተካተቱት የብረት እጥረትም ሆነ ሥር የሰደደ ብግነት ያልታየባቸው ነበሩ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ባሌን አካተተ። 4000 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩት የባሌ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ቆላ ከሚኖሩት ኦሮሞዎች ከፍ ብሎ፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በደጋ አማሮች ዘንድ ግን ጭማሪው ያን ያህል አልነበረም። ይህን የጎሣ ልዩነት አድርጎ የሚያነብ ይሳሳታል፤ አንዱ ሕዝብ ራሱ ቆላና ደጋ ላይ የተለያየ ደም ካሳየ፣ ስሙ ብቻውን ምን ያስረዳል? የሁለቱ ደጋዎች ከፍታ በጥቂት መቶ ሜትር መለያየቱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። እኔ ሚዛን የሚደፋ ሆኖ ያገኘሁት ግን የዘመኑ ነገር ነው። በሰሜኑ ደጋ ሰው ለሺህ ዓመታት ኖሯል፤ የኦሮሞ ሕዝብ በባሌ ከፍታዎች መስፈሩ ግን ከ500 ዓመት ብዙም አይርቅም። ተፈጥሯዊ ምርጫ ደግሞ ትውልድ ይፈልጋል።

ይህን ሐሳብ የሚፈትነው የባሌው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቁፋሮ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች 3469 ሜትር ላይ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። ታዲያ ባሌ ጥንታዊ የሰው መኖሪያ ሆና ሳለ የዛሬው ነዋሪ ደም ለምን እንደ አዲስ መጤ ይሆናል? መልሱ፣ መሬቱ የቆየ መሆኑ የዘር ሐረጉ እዚያው ቆየ ማለት ስላልሆነ ነው። መላመድ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ከአፈር አይወረስም።

ይህ ክርክር ጤና ጣቢያ ድረስ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷታል ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2011 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥ 3500 ሜትር ላይ 2.7 ግራም ያስተካክል ስለነበር፣ መስመሩ 14.7 ይሆን ነበር። በዚህ ልክ ከሄድን፣ አማካያቸው 15.0 ከሆነው ጤነኛ የደጋ ሴቶች ብዙዎቹ ሕሙማን ይባላሉ። ማስተካከያውን ብንተወው ደግሞ፣ ከፍታ ደሟን ከፍ ያደረገላት የሳነቲ እናት የብረት እጥረቷ ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪው የሚጽፈው ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ሴትዮዋ የምትኖርበትን ከፍታ፣ በተቻለ መጠንም በሰውነቷ ያለውን የብረት ክምችት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ጊኒር ላይ 13 ግራምና ሳነቲ ላይ 13 ግራም በወረቀት አንድ ናቸው፤ በሰው ላይ ግን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።