አሸዋው ከታች ለምን ይቀራል?

ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ ስታማስሉ ብርጭቆውን ልብ ብላችሁ እዩት። ያልሟሟው ስኳር ወደ ዳር የሚሸሽ ይመስለናል፤ የሚሰበሰበው ግን መሐል ላይ ነው። ከታች ያለው ፈሳሽ ወለሉን እየታከከ ስለሚዘገይ ወደ መሐል ይፈስሳል፣ ፍሬዎቹንም ይዟቸው ይሄዳል።

እኛም በቤተ ሙከራ ውሃና አሸዋ በታንክ ውስጥ ስናማስል የገጠመን ይኸው ነው። የሞተሩን ፍጥነት ብንጨምር ብንጨምር ከማማሰያው ሥር ያለው ክምር አልነሳ አለ። በኋላ በታንኩ ግድግዳ ላይ 4 ቀጥ ያሉ ዝርግ ብረቶች አቆምን፤ ባፍል ይባላሉ፣ ስፋታቸውም የታንኩን ዲያሜትር አንድ አሥረኛ ያህላል። ያን ጊዜ ሽክርክሪቱ ተሰብሮ ፈሳሹ ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ጀመረ፤ አሸዋውም ተነሳ።

ታዲያ ስንት ፍጥነት ይበቃል? ዝዊተሪንግ የተባለ ተመራማሪ በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቀላል መለኪያ አቀረበ፦ የትኛውም ፍሬ ወለሉ ላይ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ በላይ የማይቆይበት ዝቅተኛ ፍጥነት። ከሙከራዎቹ ባወጣው ቀመር መሠረት የፍሬው መጠን እጥፍ ቢሆን የሚያስፈልገው ፍጥነት የሚጨምረው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከፈሳሹ ጋር ያለው የእፍጋት ልዩነት እጥፍ ሲሆን ግን ወደ 37 በመቶ ይጠጋል። የጠጣሩ ብዛት እጥፍ መሆን 9 በመቶ ገደማ ቢጨምር ነው፤ እኛ ከሁሉም የፈራነው እሱን ነበር!

በሪፖርታችን ረቂቅ ላይ «ለጥንቃቄ» ብለን ፍጥነቱን እጥፍ አድርገን ነበር። ፈሳሹ በኃይል በሚናወጥበት ሁኔታ ሞተሩ የሚፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ያቺ ጥንቃቄ 8 እጥፍ ኃይል ታስከፍላለች። ሰረዝናት።

ደግሞ ከወለል መነሳት ማለት እኩል መሰራጨት ማለት አይደለም፤ ላይኛው ክፍል ገና ጥርት ያለ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሥራው ጠጣሩን በፈሳሽ ማሟሟት ከሆነ ብዙም አይጎዳም፣ ፍሬው ከተነሳ በኋላ ዙሪያውን ፈሳሽ ያገኘዋልና። ድብልቁን በቧንቧ እያወጣችሁ ለሌላ ክፍል የምትልኩ ከሆነ ግን ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ተመሳሳይ ፕሮጀክት የምትጀምሩ፣ ወለሉ ከሥር የሚታይ ታንክ ፈልጉ። በቀመሩ ውስጥ ያለው ቋሚ ቁጥርም እንደ ማማሰያው ዓይነትና ከወለሉ እንዳለው ርቀት ስለሚለያይ፣ ከሌላ ቡድን ሪፖርት ላይ አትገልብጡት።