ከዛፍ ሥር የተገኘችው የሌሊት ወፍ

በርሖቮት ከተማ፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ አመሻሽ ላይ በረንዳ ላይ ብትቀመጡ በፊኩስ ዛፎች መካከል የሚያንዣብቡ ጥቁር ክንፎች ታያላችሁ። በዕብራይስጥ «አታሌፍ» የሚሏት የሌሊት ወፍ ናት። ይህችው ፍሬ በል ዝርያ በኢትዮጵያም ስላለች እንግዳችን አይደለችም።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ደወለችልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከዛፍ ሥር የወደቀች የሌሊት ወፍ ግልገል አግኝቶ፣ በጫማ ካርቶን ከአልጋው ሥር ደብቋት ኖሯል። እናት «ይህን የሰይጣን ወፍ ከቤቴ አውጣ!» ብላ ጮኸች። እኔ ቀስ ብዬ ስጠይቀው ግን ልጁ ጣቱን አሳየኝ። የላም ወተት ሊያጠጣት ሲሞክር ነክሳው፣ ቁጣ ፈርቶ ሁለት ቀን ዝም ብሏል።

የዱር እንስሳ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደህና አድርገን አጥበን፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ቢሮ (ሊሽካት ሃብሪዑት) ሄድን። ልጁ ክትባቱን ጀመረ፤ ዛሬ ደህና ነው። ግልገሏ ግን ስለነከሰች ለምርመራ ተወሰደች፤ ልጁ እንደተመኘው አላደገችም።

በእጁ ባይነካት ኖሮ ልትድን ትችል ነበር። ይህች የሌሊት ወፍ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡቷ ላይ አጣብቃ ይዛው ትበራለች። እናቱን ያጣውን ግልገል ሙያተኞች ክትባት ወስደው፣ ጓንት አድርገው ያሳድጉታል። በጨርቅ ጠቅልለው መጀመሪያ ያሞቁታል፤ የበረደው ግልገል ወተት አይፈጭለትምና። ከዚያ በየጥቂት ሰዓቱ ወተት በጠብታ ያጠቡታል፤ ሲጎለብት የበሰለ ሙዝ ያቀምሱታል። ከመሰሎቹ ጋር መብረር ሲለምድ ይለቁታል።

እናንተስ ብታገኙ? በባዶ እጅ አትንኩ። በወፍራም ፎጣ አንስታችሁ፣ አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ አኑሩ፤ ወተትም ውሃም አትስጡ። ከዚያ ወደ ተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን፣ ኮከብ 3639 ደውሉ። በራማት ጋን ሳፋሪ የዱር እንስሳት ሆስፒታል አለ።

ኦሪት የሌሊት ወፍን እንዳንበላት ከለከለች እንጂ እንዳናዝንላት አልከለከለችም። ልጃችሁ እንስሳ ይዞ ሲገባ ከመጮኻችሁ በፊት «ነክሶሃል ወይ ልጄ?» በሉት። ከፈራችሁ ይደብቃችኋል።