ኤምአርአይ ተነሥቼ ናሙና ደግሞ ለምን?



«ዶክተር፣ ኤምአርአዩ ካሳየ በመርፌ መወጋት ለምን አስፈለገ?» ስለ ፕሮስቴት በጻፍኩ ቁጥር ይኼ ጥያቄ በውስጥ መስመር ይመጣልኛል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ልጆች ናቸው፤ አባት ናሙናውን ፈርተው እምቢ ብለዋል። ዛሬ ሁለቱ ምርመራዎች ምን ምን እንደሚነግሩን ላስረዳችሁ።

🔹 ኤምአርአይ፦ «የት ነው?»

ኤምአርአይ በማግኔት ይሠራል፤ ጨረር የለውም። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ የዕጢውን መልክ፣ ውኃ በሴሎቹ መካከል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ (ካንሰር ሴሎች ስለሚጨናነቁ ውኃው መላወሻ ያጣል) እንዲሁም በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚገባ ያያል። ከዚያ ፓይ-ራድስ የሚባል ከ1 እስከ 5 የሆነ ነጥብ ይሰጣል። 4 እና 5 ከፍተኛ ጥርጣሬ ነው። ልብ በሉ፣ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የፕሮስቴት ኢንፌክሽንም ካንሰር መስሎ ሊታይ ይችላል።

🔹 ቀለም የተቀባ ናሙና፦ «ምንድን ነው? ምን ያህል ኃይለኛ ነው?»

በመርፌ የተወሰደው ሥጋ ሰም ውስጥ ይገባና ከፀጉር በብዙ እጥፍ ቀጥኖ ይቆረጣል። ያለ ቀለም በማይክሮስኮፕ ቢታይ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ሄማቶክሲሊን የሴሉን አስኳል ሰማያዊ-ሐምራዊ፣ ኢዮሲን ደግሞ ቀሪውን ሮዝ ያደርገዋል። ያኔ ፓቶሎጂስቱ የዕጢው አሠራር ምን ያህል እንደተበላሸ አይቶ የግሊሰን ነጥብ ይሰጣል፤ በአሁኑ አሠራር ከ6 እስከ 10 ነው።

ካጠራጠረው ሌላ ልዩ ቀለም ያዝዛል። ጤናማ የፕሮስቴት ዕጢ ዙሪያውን የሚከብቡት ቤዛል የሚባሉ ሴሎች አሉት፤ ካንሰር ሲሆን እነዚህ ይጠፋሉ። ልዩ ቀለሙ መኖር አለመኖራቸውን ያሳያል።

ይኼ ነጥብ ሕክምናውን ይወስናል። ግሊሰን 6 የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። 9 የሆነ ግን ጊዜ የለውም። በፎቶ ብቻ ተወስኖ ያላስፈለገ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልና የወሲብ ድክመት ሊከተል ይችላል።

🔹 ታዲያ የቱ ይበልጣል?

እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የታተመው ፕሮሚስ የተባለ ጥናት 576 ወንዶችን መርምሯል። አደገኛ ካንሰር ካላቸው 100 ሰዎች ኤምአርአይ 93ቱን ሲጠረጥር፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የተወሰደው የተለመደው ናሙና 48ቱን ብቻ አገኘ። መርፌው ካንሰሩ የሌለበት ቦታ ከገባ ቀለሙ ምን ያድርግ? አደገኛ ካንሰር ከሌላቸው 100 ሰዎች ግን ኤምአርአይ በትክክል ነፃ ያላቸው 41 ብቻ ሲሆኑ፣ ናሙናው 96 ነበሩ።

በአጭሩ፣ ኤምአርአይ መርፌውን ይመራል፤ ቀለሙ ይፈርዳል። በ2018 የወጣው ፕሪሲዥን የተባለ ጥናትም ይኼንኑ አሳይቷል። መጀመሪያ ኤምአርአይ ተነሥተው ጥርጣሬ ካለ ናሙናቸው ከተጠረጠረው ቦታ እንዲወሰድ ከተመደቡት 38 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ እንዲወሰድላቸው ከተመደቡት ደግሞ 26 በመቶ አደገኛ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል።

🔹 ምን ላድርግ?

✅ ከተቻለ ኤምአርአዩ ከናሙናው በፊት ይሁን። መርፌው የሚያደማው ደም ምስሉን ያደበዝዛል።
✅ ኤምአርአይ ካልተገኘ ወይም አቅም ካልፈቀደ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ናሙና አታዘግዩ።
✅ ኤምአርአዩ ንጹሕ ቢሆንም ፒኤስኤ ከፍ ካለ ክትትሉን አታቋርጡ።
✅ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።
✅ ውጤቱን ስትቀበሉ «ግሊሰኑ ስንት ነው?» በሉ። ስላይዱና የሰም ብሎኩ እንዲቀመጥም ጠይቁ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት ዳግም ሊያየው ይችላል።

«ካንሰር በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል» ለምትሉኝ፦ በፕሮስቴት ናሙና ይኼ እጅግ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። እውነተኛው ሥጋት ኢንፌክሽን ነው። ለጥቂት ቀናት ሽንት ላይ ትንሽ ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ናሙና ፈርተው እቤት የተቀመጡ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ካላችሁ ይኼን አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።