ተርባይንን የሚያንቀጠቅጠው የውኃ ገመድ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ተራሮች መካከል ሁለት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ይገኛሉ፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። የባዝ ካውንቲ የኃይል ማከማቻ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በሚቀንስበት ሰዓት ውኃውን ወደ ላይኛው ሐይቅ ያወጣል፤ ፍላጎት ሲጨምር ደግሞ ቁልቁል እየለቀቀ ኃይል ያመነጫል። ሁለቱንም ሥራ የሚሠሩት እነዚያው ስድስት ማሽኖች ናቸው፦ በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ፓምፕ፣ በተቃራኒው ሲዞሩ ተርባይን።

እንዲህ ያለ ማሽን የሚፈተነው ከተነደፈለት የውኃ መጠን ሲርቅ ነው። ተርባይኑ በሙሉ አቅሙ አቅራቢያ ሲሠራ ውኃው ቀጥ ብሎ ወደ መውጫው ቱቦ ይወርዳል። ጭነቱ ሲቀንስ ግን ውኃው ከተሽከርካሪው አካል ከወጣ በኋላም መዞሩን አያቆምም፤ በቱቦው ውስጥ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አዙሪት ይሠራል። በአዙሪቱ መሐል ግፊቱ እጅግ ስለሚወርድ ውኃው ሳይሞቅ ወደ እንፋሎትነት ሊለወጥ ይችላል። ገመዱ የሚሽከረከረው በማሽኑ ፍጥነት ሩብና ሲሶ መካከል ነው። በደቂቃ 300 ጊዜ የሚዞር ማሽን ቢሆን፣ ቱቦው በደቂቃ ከ75 እስከ 100 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህ ምት ከውኃው ዓምድ የራሱ ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ በወቅቱ ሲገፋ እንደሚሆነው፣ ንዝረቱ እየበረታ ይሄዳል።

ሌላው ምንጭ የተሽከርካሪው ክንፎች ውኃ በሚመጥኑት በሮች አጠገብ ማለፋቸው ነው። በሰከንድ 5 ጊዜ የሚዞር ባለ9 ክንፍ ማሽን እያንዳንዱን በር በሰከንድ 45 ጊዜ ይመታዋል። የክንፎቹና የበሮቹ ቁጥር በጥንቃቄ የሚመረጠውም ምቶቹ እንዳይደራረቡ ነው።

ንዝረት በአንድ ጊዜ አይሰብርም፤ ብረትን ያደክማል። በሳይቤሪያ የሚገኘው የሳያኖ ሹሼንስካያ ጣቢያ ውኃ መልሶ የሚያወጣ ዓይነት ባይሆንም፣ ከሁሉ የከፋውን ምሳሌ ትቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2009 ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወርደው ውኃ የሁለተኛውን ተርባይን ክዳን ከነማሽኑ ነቅሎ አስፈነጠረው፤ 75 ሰዎች ሞቱ። ማሽኑ የመረቡን ጭነት እንዲያመጣጥን ተመድቦ፣ ሊሠራበት በማይመከር የጭነት ክልል ደጋግሞ ያልፍ ነበር። ከተመረመሩት 49 የክዳኑ ብሎኖች በ41ዱ ላይ ከድካም የመጣ ስንጥቅ ተገኝቷል፤ ስድስቱ ደግሞ ዳዶ እንኳ አልነበራቸውም። ያኔ ጥፋቱን የውኃው ብቻ ማድረግ ያስቸግራል።

መሐንዲሶች አዙሪቱን ለማለዘብ አየር ወደ ቱቦው ያስገባሉ፤ በግድግዳው ላይም ከፋፋይ ክንፎች ይገጥማሉ። በአዳዲስ ጣቢያዎች ደግሞ ፍጥነታቸውን ከጭነቱ ጋር የሚለዋውጡ ማሽኖች እየተተከሉ ነው። የፀሐይና የነፋስ ኃይል በበዛ ቁጥር ተርባይኖች በቀን ብዙ ጊዜ ይነሣሉ፣ ይቆማሉ፤ የጭነቱን አስቸጋሪ ክልል የሚያቋርጡትም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ በመሸከሚያዎቹ ላይ የተገጠሙ የንዝረት መለኪያዎች ሌት ተቀን ይነበባሉ፤ ልኩ ሲያልፍም ማሽኑ እንዲቆም ይደረጋል።