ውሻ ራሱን ሲያክክ ምክንያቱን መመርመር ይገባል

ውሻ ሌሊቱን ሲጠብቅ የሚያድር፥ ለጌታውም የታመነ የቤት እንስሳ ነው። ነገር ግን ጠጉሩ መርገፍ፥ ቆዳውም መቍሰል በጀመረ ጊዜ ብዙ ሰዎች «እከካም» ብለው ከግቢ ያባርሩታል፤ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ላምባ ያፈሱበታል። ይህ ግን በሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው፤ ላምባው ቆዳውን ያቃጥላል፥ ውሻውም ሲልሰው ወደ ሆዱ ገብቶ ይመርዘዋል። የማሳከክ ምክንያት አንድ ብቻ ስላልሆነ፥ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ምክንያቱን ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ቁንጫ ነው። ቁንጫ የበዛበት ውሻ ይበልጡን ጭራው ከወገቡ በሚጋጠምበት ስፍራ ራሱን ያክካል፥ ይነክሳልም። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 የሚደርስ እንቍላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቍላሉም ከውሻው ላይ እየረገፈ በመኝታውና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሻውን ብቻ አጥቦ መኝታውን መተው ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው እውነተኛው እከክ ነው። በ1687 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቦኖሞና ቼስቶኒ የተባሉ የኢጣልያ ሊቃውንት፥ የሰው እከክ ከረቂቅ ተባይ የሚመጣ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ተመልክተው ጻፉ። የውሻው ተባይም የዚያው ወገን ነው፤ መጠኑ ከግማሽ ሚሊሜትር አያልፍም። ሴቲቱ ቆዳውን ሰርስራ እንቍላሏን ትጥላለች፤ በ3 ሳምንት ያህል ጊዜም አዲስ ትውልድ ይደርሳል። ምልክቱ የጆሮ ጫፍ፥ የክርንና የሆድ ጠጉር መመለጥ፥ ዕረፍት የሚነሳ ማሳከክም ነው። ይህ ተባይ ሰውንም ያሳክካል፤ ሆኖም በሰው ቆዳ ላይ ዘሩን ሊቀጥል ስለማይችል፥ ውሻው ሲድን የሰውየውም ማሳከክ ይቆማል።

ሦስተኛው ጭርት ነው። ጠጉሩ ክብ ሆኖ ይመለጣል፥ ቅርፊትም ያወጣል፤ ብዙ ግን ላያሳክክ ይችላል። ሕፃናት ውሻውን ሲያቅፉ ይጋባቸዋል። ልጁ ታክሞ ውሻው ካልታከመ በሽታው ይመለሳል።

አራተኛው በቡችሎች ዓይንና አፍ ዙሪያ ጠጉር የሚያራግፍ ሌላ ረቂቅ ተባይ ነው። ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከእናቱ ይወርሰዋል። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቀላል ሲሆንም ቡችላው እየጠነከረ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቡችላ «ልጆቼን ያስይዛል» ብሎ መጣል ያለ በደሉ መቅጣት ነው።

እነዚህን ሁሉ በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ ስለሚያስቸግር፥ የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን በስለት በጥቂቱ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ለከብት የተዘጋጀውን የአይቨርሜክቲን መርፌ በግምት መስጠት አደገኛ ነው፤ ኮሊ የሚባሉትንና የመሰሉትን ውሾች አንጎላቸውን መርዞ ሊገድላቸው ይችላል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒትም ድመትን ይገድላል።

ሐኪሙ እከክ ወይም ቁንጫ መሆኑን ካረጋገጠ፥ በቤቱ ያሉት ውሾች ሁሉ በአንድነት ይታከሙ፤ መኝታቸውም በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ልጆችም ውሻውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ማሳከኩ ቢቀንስም የታዘዘው መድኃኒት እስኪፈጸም አይቋረጥ።

እከክ ያለበትን ውሻ ማባረር በሽታውን ከመንደር አያወጣውም፤ ወደ ጎረቤት ደጅ ያሻግረዋል እንጂ። ቤታችንን የጠበቀልንን እንስሳ በታመመ ጊዜ ማስታመም ለእርሱ ርኅራኄ፥ ለልጆቻችንም ጥበቃ ነው።